ግንቡ ለምን ተቀመጠ?

በልጅነቷ «ለምን?» ማለት ስላበዛች እናቷ ለምንዬ አሏት፤ ስሙም እንደ ማስቲካ ተጣብቆባት ቀረ። አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷት፣ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት እየተቀበለች አሥራ አንድ ዓመት ካስቆጠረች በኋላም ጎረቤቱም ባልደረባውም የሚጠራት በዚሁ ነው። ሥራዋ ትኬት ቀዶ ግማሹን መመለስ፣ ዘግይቶ ለመጣ ደግሞ በእጅ ባትሪ ወንበር ማሳየት ነው። እሷ ግን ከትኬቱ ይልቅ ፊት ታነባለች። ሰው ሲገባ ምን ይዞ እንደገባ፣ ሲወጣ ምን ይዞ እንደወጣ ካላወቀች ሆዷ አይረጋም።

የቦክሰኛው ፊልም ሦስተኛ ክፍል የመጣ ሰሞን ግን ፊት ማንበብ አላስፈለጋትም። ሰዉ እየጮኸ ነበር የሚወጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተመልካቹ ያንን ቦክሰኛ ግንቡ ይለዋል። በመጀመሪያው ክፍል ግንቡ ከምንም ተነሥቶ ሻምፒዮን ሆነ። በሁለተኛው የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ እንኳ አሸነፈ፤ ያኔ የሲኒማ ቤቱ ጣሪያ በፉጨትና በጭብጨባ ሊነቀል ምንም አልቀረው። ሦስተኛው ሲመጣ ሰልፉ መንገድ አቋርጦ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ደረሰ። በዚህኛው ክፍል ግንቡ እስከ ዘጠነኛው ዙር በነጥብ ይመራል። የአሥረኛው ዙር ደወል ይደወላል። ተጋጣሚው መድረኩ መሐል ቆሞ ይጠብቃል። ግንቡ ከማዕዘኑ በርጩማ ላይ አይነሣም። አሠልጣኙ ትከሻውን ይወዘውዘዋል፤ ሃያ ሺህ ሰው ይጮኻል፤ እሱ ዝም። ዳኛው የተጋጣሚውን እጅ ያነሣል፣ ፊልሙም እዚያው ላይ ያልቃል። ለምን እንዳልተነሣ አንድም ሰው አንዲት ቃል አይተነፍስም።

«ወንድ ልጅ ተቀምጦ ይሸነፋል? ቆሞ ይውደቅ እንጂ!» አለ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ በሩ ላይ ቆሞ። ግንቡ የአክስቱ ልጅ ይመስል ፊቱ ቀልቷል።

«ሻይ ሦስተኛ ጊዜ ሲፈላ እንዲህ ነው፤ ቀለም ብቻ ይቀራል» አሉ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር፣ ባርኔጣቸውን እያጠለቁ።

አንዲት ሙሽራ ልትሆን ወር የቀራት ልጅ ደግሞ «እኔ ደስ አለኝ፤ ደከመው፣ ተቀመጠ፤ ሰው አይደል እንዴ?» ብትል እጮኛዋ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ አላናገራትም።

የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ከመደንገጥ ይልቅ ተደሰተ። ፊልሙን የላከው አከፋፋይ አራተኛውን ክፍል ለማምጣት ከመወሰኑ በፊት የተመልካች አስተያየት ጠይቆት ነበር። አንድ የጫማ ካርቶን በነጭ ወረቀት አስለብሶ፣ ክዳኑን በምላጭ ሸንቁሮ፣ እርሳስ በክር አሥሮ በሩ አጠገብ አኖረው። ለምንዬ በየቀኑ የስምንት ሰዓቱ ፊልም ሲያልቅ ካርቶኑን ትገለብጥና ቢሮው ገብታ ጮክ ብላ ታነብለታለች። «ግንቡ ጉቦ በልቷል።» «ሚስቱ ናት ያስቀመጠችው።» «በርጩማው ላይ ማጣበቂያ ነበር እንዴ?» ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ ወረቀቶቹን «ወደዱት»፣ «ጠሉት» እያለ ለሁለት ይከምራል።

በአራተኛው ቀን አንዲት ወረቀት ከየትኛውም ክምር አልገባ አለች።

«በርጩማው ላይ የቀረው ፈርቶ አይደለም። ደክሞትም አይደለም። በግራ ዓይኑ አያይም። ያላመነ ሦስት ጊዜ ይየው።»

ፊደሎቹ ግዙፍ ናቸው። መስመሮቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ የመጨረሻው መስመር ከበላዩ ያለው ላይ ወጥቶ ተደርቧል።

«ጊዜ የተረፈው ሰው ነው» አለ ሥራ አስኪያጁና እጁን ወደ ቅርጫቱ ዘረጋ። ለምንዬ ቀደም ብላ ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተቻት።

ቤት ስትደርስ ለእናቷ አነበበችላቸው። እናቷ በሕይወታቸው ሲኒማ ቤት ረግጠው አያውቁም፤ በፊልም ጉዳይ ግን የሚያህላቸው የለም።

«እኔ ሳላየው ነው የምጠላው» አሉ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ሹራብ እየሠሩ። «ሰው ሲደባደብ ለማየት ትኬት መቁረጥ! በእኛ ጊዜ በነጻ ነበር።»

«እሺ እማዬ፣ ግን እንደው ዓይኑ ጠፍቶ ቢሆን፣ ለምን አልተናገረም?»

«መናገር ቀላል መሰለሽ?» እናቷ ሹራቡን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «አባትሽ ጆሮው መስማት ያቆመ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹እሺ› እያለ ኖረ። ያልኩት ሳይገባው ‹እሺ› ይለኛል። እኔ ደግሞ ጠባዩ የተሻሻለ መስሎኝ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።»

ለምንዬ ሳቀች። ነገሩ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።

በማግስቱ ትኬቱን ቀዳ ስትጨርስ ወደ ውስጥ ገባችና ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ፣ መጋረጃው ሥር ቆመች። ለወትሮው ፊልም የምታየው ከሰው ፊት ላይ ነው። ዛሬ ዓይኗን ከግንቡ አልነቀለችም። ምንም አላገኘችም፤ ሁለት ጎበዝ ሰዎች ቡጢ ሲቃመሱ ብቻ ነው ያየችው። በሁለተኛው ቀን ግን ስትቆጥር አንድ ነገር ቀፈፋት። ግንቡን ያገኙት ቡጢዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በግራው በኩል የመጡ ናቸው። በቀኙ የሚመጣውን እንደ ዝንብ እሽ ይለዋል፤ በግራው የሚመጣውን ግን ካረፈበት በኋላ ነው የሚያውቀው። ደግሞ ሚስቱ በግራ በኩል ስትጠራው ዓይኑን አያዞርም፤ አንገቱን ጭምር፣ ትከሻውን ጭምር ነው የሚያዞረው።

በሦስተኛው ቀን የፈለገችውን አየች። ከግጥሚያው በፊት ግንቡና ሚስቱ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጃቸው ትምህርት ያወራሉ። ተመልካች ሁሉ ለውዝ የሚፈለፍልበት ሰዓት ነው፤ ቡጢ የለማ። ግንቡ ለራሱ ውሃ ይቀዳል። ጠርሙሱን አንሥቶ ወዲያው አያዘነብልም። በቀስታ ያስጠጋና የጠርሙሱን አንገት የብርጭቆው ከንፈር ላይ ያሳርፈዋል፤ እንዲያ ሲነካካ ቀጭ የምትል ድምፅ ትሰማለች። ከዚያ በኋላ ነው የሚቀዳው። ብርጭቆው የት እንዳለ ዓይኑ እርግጠኛ አይደለም፤ እጁ ነው የሚያረጋግጥለት።

«አያይም!» አለች ሳታስበው። አንድ ሰው ዞሮ «እሽሽ» አላት።

ሥራ አስኪያጁን ለምና ወረቀቷን መግቢያው ላይ በመስታወት ሰሌዳው ውስጥ አሰቀለች። ስለ ውሃው ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከዚያማ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ፊልሙን የሰደቡት ሰዎች «እስቲ እንየው» እያሉ ተመልሰው መጡ። ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ጊዜ አይቶ «ምን ዓይን ነው የምታወሩት፣ እኔን አያይም እንዴ ካሜራውን እያየ!» ብሎ ሲከራከር ደንበኛውን ግማሽ ፂሙን ብቻ ላጭቶ ተወው። መምህሩ በማስታወሻ ደብተር የቡጢ ቁጥር ይዘው መጡ፤ በግራ ሠላሳ አንድ፣ በቀኝ አራት።

ሥራ አስኪያጁ ደስታው ወሰን አጣ። «ጸሐፊው ይቅረብ፤ አንድ ወር በነጻ ይገባል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ሦስት ሰዎች ቀረቡ፤ አንደኛው ያው ፀጉር አስተካካዩ ነው።

«አንተ እኮ ያያል ብለህ ስትከራከር ነበር» አለችው ለምንዬ።

«እሱ ሰዎችን ለመፈተን ነው።»

«እሺ፣ ግጥሚያው ሳይጀመር በፊት ዓይኑ እንደማያይ በምን አወቅክ?»

ጭንቅላቱን አከከ። «በ... አረማመዱ?»

ሌሎቹም ሁለቱ ከዚህ የተሻለ አላመጡም። የጠየቀቻቸውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ ያ ሰው ደግሞ ለነጻ ትኬት ብሎ እንደማይመጣ ቀስ በቀስ ገባት። ይህን ማወቋ ይብስ አንገበገባት። ማን ነው? ደግሞስ ሌላው ሰው ሦስተኛ ጊዜ አይቶ እንኳ ያላየውን እሱ እንዴት አየ?

ለምንዬ ሥራ የምትሄደው ከሰፈሯ አውቶቡስ መነሻ ተሳፍራ ነው። የረፋዱን አውቶቡስ የሚነዱትን ሰውዬ ተሳፋሪው ጋሽ ዝግታ ይላቸዋል። ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሃያ ዘጠኙን መሪ ጨብጠው ነው ያሳለፉት። ዱሮ እንዲህ አልነበሩም ይባላል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ኤሊ በቀኝ በኩል የምትቀድማቸው ሆኑ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ እንደ ጉጉት አንገታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራ አዙረው፣ መልሰው አዙረው፣ እንደገና አይተው ነው የሚያልፉት። ተሳፋሪው ይቀልድባቸዋል፣ ይወዳቸዋልም፤ ጥንቃቄ እየመሰለው። ፊልም ወዳድም ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍታቸው ነው፤ ያኔ የስምንት ሰዓቱን ሳያዩ አይቀሩም።

በዚያ ሰሞን አውቶቡሱ ውስጥም ወሬው ግንቡ ነበር። አንዱ «ጋሽ ዝግታ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? ያያል አያይም?» ቢላቸው «እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ አታናግሩኝ» ብለው አፉን አስያዙት።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዝናብ ጣለ። ለምንዬ መነሻው ጋ ስትደርስ አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ቆሟል፤ ለመውጣት ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ሰዉ በመጠለያው ሥር ተጠጋግቶ ሲቆም እሷ ወደ ሹፌሮቹ ሻይ ቤት ገባች። ጠባብ ክፍል ናት፤ አራት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የመነሻ ሰዓት ሠንጠረዥ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ደብዝዟል። ጋሽ ዝግታ ጥግ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ግድግዳው በግራቸው ነው። ፊት ለፊታቸው የውሃ ጠርሙስና ብርጭቆ አለ።

ለምንዬ ልትቀመጥ ስትል ጋሽ ዝግታ ጠርሙሱን አነሡ። በቀስታ አስጠጉት። የጠርሙሱ አንገት የብርጭቆውን ከንፈር ነካ፤ ቀጭ አለ። ከዚያ ቀዱ።

ለምንዬ ቆማ ቀረች። ዝናቡም ወሬውም የሆነ ቦታ ራቀባት። ሐሙስ ሐሙስ እኚህ ሰው ትኬታቸውን ሰጥተዋት «ግራ ጥጉ ሰው ይዞታል?» ነው የሚሏት፤ አንድም ቀን መሐል ተቀምጠው አያውቁም። ከግራ ጥግ ሆኖ የሚያይ ሰው ስክሪኑ በሙሉ በቀኙ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በእጅ ባትሪዋ ወደዚያ ወንበር ስትመራቸው «ለምን?» ብላ አለመጠየቋ ገረማት፤ እሷ!

ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?»

«ደህና። ዝናቡ አባረረሽ?»

«አዎ።» ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት። ከዚያ አፏ ላይ የመጣላትን ጠየቀች። «ጋሼ፣ ግንቡ ከሚስቱ ጋር ሲያወራ ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ አይተውታል?»

ሰውዬው ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሲያደርሱ እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። መልሰው አስቀመጡት፤ ሲያስቀምጡትም መጀመሪያ በትንሽ ጣታቸው ጠረጴዛውን ዳሰሱ።

«ሦስት ጊዜ አየሽው ማለት ነው» አሉ።

«አየሁት።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ስለ ውሃው? እኔና እርስዎ።»

ጋሽ ዝግታ ወደ መስኮቱ ዞረው እንፋሎቱን በእጃቸው ጠረጉና አውቶቡሳቸውን አዩ። «ዓመት አለፈው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መጀመሪያ ጉም መሰለኝ። መነጽር ቀየርኩ። ከዚያ ጉሙ ቀርቶ እንደ መጋረጃ ሆነ። አሁን የግራው ምንም።»

«የድርጅቱ ምርመራስ?»

«ከእኔ በፊት የገባው ልጅ ፊደሎቹን ጮክ ብሎ ሲያነብ በሩ ላይ ሆኜ ሸመደድኳቸው። አንድም አልሳትኩም።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ፈገግታው ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ቀስ ብዬ ከነዳሁ ምን ችግር አለው አልኩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው ሳልነካ! መንገዱን እግሬ ያውቀዋል።»

«ታዲያ ለምን ጻፉት?»

ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፉት። «የዛሬ ወር ገደማ አንዲት ልጅ በብስክሌት በግራዬ መጣች። አላየኋትም። ተሳፋሪ ሲጮኽ ነው ያቆምኩት፤ በስንዝር ነው የተረፈችው። እሷ ሰድባኝ ሄደች። እኔ ግን እስከ ማታ እሷን ብቻ ሳስብ ዋልኩ። ያን ሐሙስ ፊልም ገባሁ። ያ ሰውዬ ጠርሙሱን ሲያስጠጋ ሳየው ገና ‹አንተም?› አልኩት። ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እየጮኸበት፣ ቁጭ አለ። አስቢው እስቲ። እኔን ተነሣ ብሎ የሚጮኽብኝ ሰው እንኳ የለም፤ መቀመጥ ግን አቃተኝ። ለሚስቴ መንገር አቃተኝ። ካርቶኑ ስም አይጠይቅም፤ ለእሱ ነገርኩት።»

ለምንዬ አዘነችላቸው። ግን ደግሞ በመስኮቱ በኩል መጠለያው ሥር የቆመውን ሰው አየች፤ አንዲት እናት የሕፃኗን ኮፍያ ታስተካክላለች።

«ዛሬ ስንት ምልልስ ቀረዎት?»

«ሁለት። ሁለቱን ልጨርስና...»

«ጋሼ፣ እኔ አልሳፈርም።»

ቀና ብለው አዩዋት፤ በቀኝ ዓይናቸው። «ተዪዋ፤ አትሳፈሪ።»

«እነሱም እንዲሳፈሩ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።»

«ልትከሺኝ ነው?» ፊታቸው ደም ለበሰ።

«ልከስዎት አይደለም፣ ልከተልዎት ነው። ስምሪት ክፍሉ ያውና። እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ። ካልፈለጉኝ ደግሞ በር ላይ እቆማለሁ፤ በር ላይ መቆም ልምዴ ነው።»

ጋሽ ዝግታ ተቆጡ። «አንቺ ምን አገባሽ? ትኬትሽን ቅደጂ!» አሉ፤ የጎረቤቱ ጠረጴዛ ዞር አለ። ለምንዬ ከወንበሯ አልተነሣችም። ሰውዬው ተነሥተው ወደ አውቶቡሱ ቢሄዱ ምን እንደምታደርግ አታውቅም። ከስምሪት ክፍሉ መስኮት ተረኛው ሠራተኛ ፊሽካ ነፋ። አንድ ሰው የአውቶቡሱን በር በጥፊ መታ። ፊሽካው ደገመ። ሰውዬው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ከዚያ ተነሡ። ከሻይ ቤቱ ወጥተው በዝናቡ ውስጥ አውቶቡሱን አልፈው ሄዱ፤ ለምንዬ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው።

ስምሪት ሠራተኛው እንደ ፊልም ሰው አላደረገም። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥለት መጀመሪያ ያለው «አሁን? በዚህ ዝናብ ተለዋጭ ሹፌር ከየት ላመጣ ነው?» ነው። ከዚያ የተነገረው ነገር ቀስ ብሎ ሲገባው ከወንበሩ ተነሣ። ወንበር ሳበላቸው። «ጋሼ... ግራውን? ዓመት ሙሉ?» አለ፤ ወደ ሠንጠረዡም ዞሮ ያለፈውን ዓመት ምልልስ ሁሉ በዓይኑ የሚቆጥር መሰለ።

ተሳፋሪው አርባ ደቂቃ ቆሞ ጠበቀ። ምክንያቱን የነገረው ሰው አልነበረም። «ጋሽ ዝግታ ዛሬስ ጭራሹን ቆሙ!» አለ አንዱ፤ ሰዉም ሳቀ። ለምንዬ አልሳቀችም። ሥራዋ ዘግይታ ደርሳ ሥራ አስኪያጁ ሲቆጣት ዝናቡን ምክንያት አደረገች።

በሳምንቱ አንዲት ጠንከር ያሉ ሴትዮ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገታቸው ላይ እንደ ሻርፕ ጠምጥመው ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ባሌን የመረመርሽው አንቺ ነሽ?»

ለምንዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «እኔ ነኝ... ማለቴ...»

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ስተኛ ያልነገረኝን ለአንቺና ለካርቶንሽ ነገረ» አሉ። ለምንዬ ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ እጇን ያዙት። «ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለው። የግራው አይመለስም። የቀኙም ጀምሮት ነበር። ስድስት ወር ቢቆይ ኖሮ በሁለቱም ነበር የሚጨልምበት አለኝ። አሁን ጠዋትና ማታ ጠብታ ነው፤ እኔው ነኝ የማደርግለት፤ ራሱ ሲያደርግ ጆሮው ውስጥ ነው የሚከተው።» አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉና «በይ አሁን ያንን ፊልም አሳዪኝ፤ ይሄ ሁሉ ከየት እንደመጣ ልየው» አሉ። ለምንዬ ያለ ትኬት አስገባቻቸው። ሲወጡ ምን እንዳሰቡ ብትጠይቃቸው «የሚስቱ ቀሚስ አልተተኮሰም» ብቻ ብለው ሄዱ።

ጋሽ ዝግታ ሁለት ወር ቤት ከዋሉ በኋላ ድርጅቱ መነሻው ላይ ስምሪት ክፍል መደባቸው። መሪ ሲናፍቃቸው እጃቸው ባዶ አየር እንደሚያዞር ሚስታቸው ለምንዬ ነግረዋታል።

የአከፋፋዩ ደብዳቤ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሥራ አስኪያጁ የተመልካቹን አስተያየት ሁሉ አሥሮ ሲልክ የመምህሩን የቡጢ ቆጠራ፣ የዓይኑን ጥያቄና ለምንዬ በመጨረሻ የነገረችውን የውሃውን ነገር አክሎበት ነበር። ለምንዬን ቢሮ ጠርቶ በሩን ዘጋና ደብዳቤውን ሰጣት።

«አራተኛው ክፍል ይመጣል» ይላል ደብዳቤው መጀመሪያ። ወረድ ብሎ፦ «ስለ ዓይን የቀረበውን ጥያቄ ለፊልሙ አዘጋጅ አድርሰናል። በድርሰቱ ውስጥ ስለ ዓይን የተጻፈ ምንም ነገር የለም። ተዋናዩ በልምምድ ላይ የእጅ አንጓው ተጎድቶ ስለነበር ጠርሙሱን ብርጭቆው ላይ አሳርፎ ቀድቷል። ቡጢዎቹ በግራ የበዙት ካሜራው የቆመው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። ቦክሰኛው የተቀመጠው ማሸነፍ ስለሰለቸው ነው።»

«ማንም እንዳይሰማ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሰዉ ገና አሥራ አምስተኛ ጊዜ ሊያይ ነው።»

ለምንዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሳቅም መጣባት፣ ግራም ገባት። የሌለ ነገር ነው ያየነው ማለት ነው? ከሌለስ እንዴት የአንድን ሰው ዓይን አተረፈ? ለጋሽ ዝግታ ብትነግራቸው ይከፋቸዋል፤ ባትነግራቸው ደግሞ የዋሸቻቸው ያህል ይሰማታል። እናቷን ስታማክራቸው «የሆነውን ንገሪው፤ ‹እሺ› ብሎ የሚኖር ሰው ቤታችን ይበቃናል» አሏት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መነሻው ጋ ቀድማ ደረሰች። ጋሽ ዝግታ ስምሪት ክፍሉ መስኮት ላይ ተቀምጠው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የሚወጣውን አውቶቡስ ሰሌዳ እየመዘገቡ ነው። ደብዳቤው ያለውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እርሳሳቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«የእጅ አንጓ» አሉ።

«የእጅ አንጓ።»

«ማሸነፍ ሰለቸው።»

«እንደሱ ነው ያሉት።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የከፋቸው መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር። ሳቃቸው እንባቸውን አመጣውና በሁለቱም ዓይናቸው ወረደ፤ የማያየውም ዓይን ያነባል። «ይሄን ደብዳቤ የጻፈው ሰውዬ» አሉ ሲተነፍሱ፣ «እሱ ራሱ ፊልሙን ስንቴ አይቶት ነው?»

«እኔ እንጃ፤ አልጻፈም።»

«አየሽ? ማሸነፍ የሚሰለቸው ሰው አላውቅም። ምናልባት ተዋናዩ ለእነሱም አልነገራቸው ይሆናል።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም፤ እውነት ይመራመሩ ነበር። «አራተኛው ሲመጣ አንገቱን እንዴት እንደሚያዞር እናያለን። ዓይኑ ከጀመረው መሸሸግ አይችልም።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ እሱ ላይ ያየሁት ራሴን ነዋ። ያም ቢሆን ራሴን ምኑ ላይ እንዳየሁ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

የአውቶቡሷ ሰዓት ደረሰ። አዲሷ ሹፌር፣ ፈጣን እጅ ያላት ወጣት ሴት፣ ሞተሩን አስነሣች። ጋሽ ዝግታ ብድግ ብለው በመስኮቱ ወጣ አሉና አንገታቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙረው ፊሽካውን ነፉ። ለምንዬ እየሮጠች ተሳፈረች። ክፍት የነበረው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ አጠገቡ የገበያ ቅርጫት ጭኗ ላይ ያስቀመጠች የማታውቃት ሴት አለች። አውቶቡሱ ገና ከግቢው ሳይወጣ ለምንዬ ወደ ሴትዮዋ ዘንበል አለች።

«ይቅርታ እህቴ፣ የቦክስ ፊልም ታያለሽ?»